ከእራት በኋላ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የባልና የሚስት ወግና ጠብ

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ከሚያነሷቸው በርካታ ጉዳዮች መካከል አምስት አጫጭር ጥያቄዎች ይገኛሉ። ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ወይ? ወጥ ብታሳርርበት? ብትከራከረው? ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ? ልጆቿን ችላ ብትል? አብሬህ አልተኛም ብትለው? ጥያቄዎቹ በብዙ አገር የሚጠየቁ ናቸው። የኢትዮጵያን ገጠር ለሚያውቅ ሰው ግን አንድ የጋራ ነገር አላቸው። ወጡ የሚቀርበው ማታ ነው፤ «የት ዋልሽ?» የሚባለው ማታ ነው፤ ክርክሩም መኝታውም ማታ ነው። የአምስቱም ሒሳብ የሚወራረደው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው።

በ1992 ዓ.ም. ጥናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ከ100 ሴቶች 85ቱ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት መመታት ተገቢ ነው ብለው መልሰዋል። ቁጥሩ በ1997 ዓ.ም. 81፣ በ2003 ዓ.ም. 68፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 63 ሆነ። ወንዶቹ በ2003 ዓ.ም. 45 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 28 ወረዱ። ተመቺዋ ከመቺው በላይ ለዱላው ስትሟገት ማየት ግራ ያጋባል። አንዱ ምክንያት ወንዱ ስብሰባ መዋሉ ሳይሆን አይቀርም፤ መዝገብ ይዞ ለመጣ ሰው ምን ቢመልስ እንደሚያምርበት ያውቃል። ሴቷ የመለሰችው የኖረችውን ነው። በዚያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜትን የሚጎዳ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከሦስት ቤት በአንዱ ማለት ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ እንውጣ። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ስለ ባልና ሚስት ኑሮ ለሚጠይቅ ሰው የተመቸ አገር ነው፤ ከእሱ በፊት የጠየቁ ሞልተዋልና። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» የሚባለው መጽሐፍ ብዙ ምሳሌ የሚቀዳው ከመንዝ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስለ መንዝ ወንድነት፣ ሥልጣንና የእርስ በርስ ግንኙነት ጽፏል። የታሪክ ጸሐፊው የሪቻርድ ፓንክረስት ልጅ ሔለን ፓንክረስት ደግሞ መንዝ ገብታ የገበሬ ሴቶችን ኑሮ፣ ጋብቻና ፍቺ አጥንታ በ1992 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥታዋለች። የሦስቱ ሥራና ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎችና ጥናቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ጠብ ከፈነዳ በኋላ የሚደርስለት ብዙ ነው፤ ሽማግሌ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ የወላጅ ቤት አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ከጠቡ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጠው ሊነጋገሩበት የሚገባው ጉዳይ ግን ቦታም ጊዜም ደንብም አልተበጀለትም።

ቤቱና ምሽቱ

መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የመንዝ ከተማ ናት። አጠገቧ ያለው የጓሳ ሣር ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይወጣል። ብርዱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ሰውን ሁሉ ወደ ምድጃ ይሰበስበዋል። የመንዝ ቤት በድንጋይ የተገነባ ነው፤ ክዳኑ ድሮ የጓሳ ሣር ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮ በዝቷል። ምድጃው፣ መደቡ፣ የእህል ጎታው፣ አንዳንዴም የጥጃውና የግልገሉ ማደሪያ በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። እንጨት ስለሚያጥር ማገዶው ኩበት ነው፤ ጭሱም አብሮ ያመሻል። ልጆቹ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራውን ባና ተከናንበው እዚያው መደቡ ላይ ይደረደራሉ። መርሐቤቴ ላይ፣ በተለይ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርዱ፣ አየሩ ይሞቃል፤ ማሽላና ጤፍ ይበቅላል፤ ሰውም ደጅ ማምሸት ይችላል። ቢሆንም ለባልና ሚስት ተብሎ የተለየ ጓዳ እዚያም ብርቅ ነው።

እራት ከመቅረቡ በፊት የእግር አጠባው አለ። ባል ከእርሻ ወይም ከገበያ ሲገባ ሚስት ውኃ አሙቃ እግሩን ታጥበዋለች፤ እሷን ካልተመቻት ልጅ ያጥባል። ልማዱ እየሳሳ ቢመጣም በብዙ ቤት አልጠፋም። ስለ እግር ማጠብ የጻፉ ሰዎች ክብርን ወይም ጭቆናን ያዩበታል። ቀኑን ሙሉ ተለያይተው የዋሉ ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ሰዓት መሆኑም መረሳት የለበትም። የበጉ ነገር፣ የበሬው መታመም፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጁ ትምህርት ቤት መቅረት የሚወራው እዚያ ላይ ነው። ባል ስለ ቀኑ የሚናገረው በዚህ ሰዓት ነው፤ ሚስትም የልቡን ሁኔታ የምትለካው በዚሁ ሰዓት ነው።

የሚስት ቀን ግን በዚህ አያበቃም። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ክፍያ የሌለው የቤት ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ጫንቃ ላይ መሆኑን በቁጥር አሳይቷል። በመንዝ ደጋ ደግሞ የማታ ሥራ ተጨማሪ አለው። ሴቷ እራት አቅርባ፣ ዕቃ አነሳስታ፣ ቡኮ አቡክታ ስታበቃ እንዝርቷን ትይዛለች፤ የበግ ጠጉር ይፈተላል። ወንዱ የሸመናውን ሥራ ይሠራ እንደሆነ እንጂ ፈትሉ የእሷ ነው። ስለዚህ ባል «ጨዋታ አምጪ» በሚልበት ሰዓት እሷ ገና ሥራ ላይ ናት፤ እሷ እጇን በምትፈታበት ሰዓት እሱ አንቀላፍቷል። ሁለቱ ለብቻቸው የሚሆኑት ልጆቹ ከተኙና ኩራዙ ከጠፋ በኋላ ባለችው አጭር ጊዜ ነው፤ ያውም በሹክሹክታ።

በጎን መናገር

ልጅና አማት በሚሰሙበት ቤት ቅሬታ በቀጥታ አይወጣም። ሌቪን የአማራው ንግግር ሰምና ወርቅ እንዳለው ሲጽፍ ቅኔንና አደባባይን አስቦ ነበር፤ የዚህ ጥበብ ዕለታዊ መለማመጃ ግን ጓዳው ነው። የገበያ ቀን ማታን ብቻ ማየት ይበቃል። ባል በግ ሸጦ አምሽቶ ይገባል፤ አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል። ሚስት ቀና ብላ አታየውም። ከምድጃው ሥር የተኛችውን ድመት «አንቺስ ዛሬ የት አምሽተሽ መጣሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ልጆቹ ይስቃሉ። ባልም ለድመቷ የተባለው ለእሱ መሆኑን ያውቃል፤ ቢቆጣ «ለድመት ነው ያልኩት» ትለዋለች፤ ዝም ቢል ደግሞ መልእክቱ ደርሶታል። አሽሙር ይሉታል። በሦስተኛ ወገን መናገርም አለ፦ «አባትሽን እራት ይቅረብ ወይ በዪው» የሚል ትእዛዝ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው በሕፃን በኩል ይላካል።

ከአሽሙር ቀጥሎ ኩርፊያ ይመጣል። ኩርፊያ ዝም ማለት ብቻ አይደለም፤ የራሱ ሥርዓት አለው። እራት አይቀርም፤ መሶቡ ይቀርባል፤ ጉርሻ ግን የለም፣ «ብላ» ማለት የለም። ባል በበኩሉ ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። ሌሊቱን ጀርባ ተሰጣጥቶ ይታደራል። በማግስቱ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ፊት ይፈታል፤ ገመና መውጣት የለበትምና። እንግዳው ሲሄድ ኩርፊያው ካቆመበት ይቀጥላል። ቀናት ይቆጥራል፤ ወር የፈጀም አይታጣም።

በቀደመው ልማድ የአጠራሩም ጉዳይ ነገሩን አክብዶት ቆይቷል። ሚስት ባሏን «አንቱ» ትለዋለች፤ በስሙ አትጠራውም፤ እሱ «አንቺ» ይላታል። ሴት ልጅ ዕድሜዋ ሳይደርስ ተድራ፣ በዕድሜ የሚበልጣትን ሰው አንቱ እያለች፣ በአማቷ ቤት ስትኖር ቅሬታዋን በምን አፏ ትናገር? በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉት የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 15.7 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር፤ በአዲስ አበባ ይህ ዕድሜ 23.9 ነው። አሁን ወጣቶቹ ባለትዳሮች አንተ አንቺ መባባል ጀምረዋል፤ ትምህርት ቤት የዋለችው ሙሽራም ቁጥሯ ጨምሯል።

በአፏ መናገር ያልቻለችውን አንዳንዴ ዛሩ ይናገርላት ነበር። ሔለን ፓንክረስት የመናፍስትን እምነት ከመንዝ ሴቶች ኑሮ ለይታ አላየችውም። በብዙ የአማራ አገር እንደሚታወቀው ዛር ያደረባት ሴት በሌሊት ታጓራለች፤ ልብስ፣ ሽቶ፣ ቡና፣ ጥቁር ዶሮ ትጠይቃለች። ባል ለሚስቱ ሊነፍግ የሚችለውን ለዛሩ አይነፍግም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ትኮንናለች፤ ጸበል ትልካለች። ሆኖም ሚስት በራሷ ስም «ልብስ ግዛልኝ» ማለት በማትችልበት ቤት ይህ የጥያቄ መንገድ እንደነበር መካድ አይቻልም።

የበጉና የእንቁላሉ ገንዘብ

ስለ ምን ይጣላሉ? በመንዝ ደጋ መልሱ ብዙ ጊዜ ከበግ ይጀምራል። ገብሱ በውርጭ ሲመታ ቤቱን የሚያቆመው በግ ነው፤ የመንዝ በግ ዝርያ በምርምር ማዕከላትና በአርሶ አደሮች ትብብር እንዲሻሻል ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሠራውም ለዚህ ነው። ልማዱ ግን ይህ ነው፦ በጉን ገበያ የሚያወጣውና ገንዘቡን የሚይዘው ባል ነው። የዶሮው፣ የእንቁላሉና የቅቤው ገንዘብ የሚስት ነው፤ ጨውና በርበሬ፣ ጋዝና ሳሙና ከዚያ ይገዛል። በጉን ጠዋት ማታ የምታግደው ሚስትና ልጆቿ ሲሆኑ በስንት እንደተሸጠ የምትሰማው ማታ ነው፤ ያውም የሰማችው ዋጋ እውነቱ ከሆነ። «በስንት ሸጥከው?» የሚለው ጥያቄ ለአንዱ ወሬ ነው፤ ለሌላው ምርመራ ነው። ጠቡ የሚነሣው ከዋጋው በላይ ከዚህ ልዩነት ነው።

መሬቱን በተመለከተ ሁኔታው ተሻሽሏል። የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ባካሄደው የመሬት ይዞታ ምዝገባ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጻፈ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈ። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቀድሞ ቁጥር 133/1998፣ አሁን ቁጥር 252/2009፣ ይህን አጽንቶታል። ይህ ደብተር የማታውን ወግ ለውጦታል ማለት ይቻላል፤ መሬቱን ለማከራየት ወይም ለሌላ ለማስተላለፍ የሚፈልግ ባል ሚስቱን ማነጋገር ግድ ሆኖበታል። ስለ በጉ ግን እንዲህ ያለ ደብተር የለም።

ጾሙና መኝታው

ስለ መኝታ መናገር ነውር ነው። ያም ሆኖ በመንዝ ቤት መኝታ የሚመራው ጥንዶቹ ከሚያወጡት ደንብ ይልቅ በቀን መቁጠሪያ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በጾም ወራት ባለትዳሮች ከግንኙነት እንዲታቀቡ ያዛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ይዘልቃል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ የሐዋርያት ጾም አለ፤ ረቡዕና ዓርብ አለ። የአራስነት ጊዜም ይጨመራል፤ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስክትነሣ ድረስ። አጥብቆ የሚይዘው ቤት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ለብቻ ያድራል። ለብዙ ሚስቶች ይህ ዕረፍት ነው፤ እምቢ ለማለት የማያሳፍር ምክንያት ይሰጣቸዋል። ለሌላው ደግሞ የጭቅጭቅ መነሻ ነው፤ አንዱ ይጾማል፣ ሌላው ተርቦ ያኮርፋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዚሁ ትምህርት መሠረት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት ባልና ሚስት ለጸሎት ብለው መለያየት የሚችሉት ተስማምተው እንደሆነ ያስተምራል። ስምምነት ደግሞ ያለ ንግግር አይገኝም። አጥቢያው ጾሙን ያስታውሳል፤ ንግግሩን ግን የሚያስተምር እምብዛም የለም።

ሌላው የሌሊት ጉዳይ ልጅ መውለድ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የወሊድ መከላከያ መርፌና በክንድ የሚቀበረው ዘዴ የገጠር ቀበሌ ድረስ ገብቷል። በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል ካሉ ባለትዳር ሴቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ዘመናዊ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። አንዳንዷ ከባሏ ተማክራ ነው፤ አንዳንዷ ደብቃ። መርፌው የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት አለመታየቱ ነው፤ በየሦስት ወሩ «ገበያ ወጣሁ» ብሎ ጤና ኬላ ደርሶ መመለስ ይቻላል። የተደበቀው ሲገለጥ የሚነሣው ጠብ የመድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ «እኔን ሳታማክሪ» የሚል ነው። በ1994 ዓ.ም. በአማርኛ መተላለፍ የጀመረውና 257 ክፍል የነበረው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማ ዓላማው ይህን ዝምታ መስበር ነበር፤ ድራማውን ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በአድማጮቹ ዘንድ ባልና ሚስት ስለ ቤተሰብ ምጣኔ መነጋገራቸው መጨመሩን ዘግቧል።

ጠቡ ሲወጣ

ዱላ ሲነሣ ወይም ኩርፊያው ሲከር ሚስት ጓዟን ጠቅልላ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች። አኩርፋ መሄድ ይባላል። ይህ መጥፋት አይደለም፤ የታወቀ እርምጃ ነው፤ ወላጆቿም ባይቀበሏት ይታማሉ። ባል ጥቂት ቀን ጠብቆ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ በአማቹ ደጅ ቆመው ይለምናሉ፤ ይቀመጣሉ፤ የሁለቱን ይሰማሉ። ጥፋቱ የባል ከሆነ ካሳ ይቆርጣሉ፤ ልብስ ወይም ገንዘብ ይሆናል፤ እንዳይደግመውም ዋስ ያስጠራሉ። እሷም «ለሽማግሌ ስል» ብላ ትመለሳለች። የንስሐ አባትም በበኩላቸው ገብተው ይገሥጻሉ።

ይህ ሥርዓት ብዙ ትዳር አድኗል፤ ጎደሎውም ግልጽ ነው። ሽማግሌዎቹ ወንዶች ናቸው። የሚዳኙት የሚታየውን ነው፦ ቁስልን፣ ስድብን፣ የተሰበረ እንስራን። በመኝታ የሆነውን ሴቷ በእነሱ ፊት አትናገረውም፤ እነሱም አይጠይቁም። ሁለቱን ለየብቻ ሰምተው ያስታርቃሉ እንጂ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አያደርጉም። ሴቷ ወደዚያው መደብ ትመለሳለች፤ ያልተነገረውም አብሯት ይመለሳል።

መለያየትም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የሰማንያ ጋብቻ በሁለቱም ወገን ከብት ተቆጥሮ፣ ዋስ ተጠርቶ የሚፈጸም ውል ነው፤ ሲፈርስም ንብረት ተካፍሎ ነው። የቁርባን ጋብቻ አይፈርስም፤ ስለዚህም ብዙ ሰው አርጅቶ፣ ልጅ ወልዶና አሳድጎ ይቆርባል፤ ካህናት ግን ገና ከጅምሩ። ቲልሰንና ላርሰን የተባሉ አጥኚዎች በ1982 ዓ.ም. ከተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ተነሥተው በሠሩት ጥናት ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቁ፣ ከተፋቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛው የሚፋቱት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት መሆኑን አግኝተዋል። ከምክንያቶቹ መካከል በልጅነት መዳርና ልጅ አለመውለድ ይገኙበታል። ሁለቱም ቀደም ብሎ መነጋገርን የሚጠይቁ ጉዳዮች ናቸው።

የቤተ መንግሥት ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለዓመታት አብረዋቸው የኖሩት ወይዘሮ ባፈና የመርሐቤቴ ወይዘሮ ነበሩ፤ በዕድሜ ይበልጧቸው ነበር፤ ከቀደሙ ባሎቻቸውም ልጆች ነበሯቸው። በ1869 ዓ.ም. ምኒልክ ለዘመቻ በራቁበት ጊዜ ባፈና ከዐመፀኞች ጋር ማበራቸው ይነገራል። ምኒልክ ወዲያው አልተለዩአቸውም፤ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው ተለያይተው በ1875 ዓ.ም. ከጣይቱ ብጡል ጋር በቁርባን የተጋቡት። 

የሕጉ መንገድ ረጅም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር፤ ፍቺን የሚወስኑትም የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የባልን የበላይነት አስቀረ፤ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ፤ ፍቺን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ሽማግሌዎችን ለማስታረቅ ብቻ አስቀረ። አማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። የፌዴራሉ ሕግ ጥንዶቹ ሲመክሩ እንዲቆዩ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ሊሰጣቸው እንደሚችልም ይደነግጋል። ይህ ሦስት ወር በሕግ የተፈቀደ የመነጋገሪያ ጊዜ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን የሚመጣው የፍቺ ማመልከቻ ከገባ በኋላ መሆኑ ነው።

የሌላው አገር ልምድ

ስለ ማታ ጠብ በሌላው ዓለም የተደረጉት ጥናቶች ለመንዝ ሩቅ አይደሉም። አሜሪካዊቷ ሬና ሬፔቲ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ጥናት የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪዎችን ተከታትላ ሥራ በበዛበት ቀን ማታ ቤታቸው ገብተው ዝም እንደሚሉና እንደሚሸሹ አሳይታለች፤ ሚስት ለጥቂት ጊዜ ከተወቻቸው ቁጣቸው ይቀንሳል። ጆን ጎትማንና ሲቢል ካሬር እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ 124 አዲስ ተጋቢዎች በጻፉት ደግሞ ከአሥራ አምስት ደቂቃ ክርክር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ትዳሩ ይፈርስ እንደሆነ ለመተንበይ ያግዛሉ። ነገሩ የተጀመረበት አፍ ለስላሳ ይሁን ሻካራ ይለያል። ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት፣ 42 ጥንዶችን ባሳተፈ ጥናት፣ በጥላቻ በሚነጋገሩት ጥንዶች ላይ ሆን ተብሎ የተደረገ ትንሽ ቁስል የሚድንበት ፍጥነት ከሌሎቹ 60 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ጠብ ሰውነት ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ጉራጌ ዞን የተደረገው ነው። ቡታጅራ አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት ባካሄደው ጥናት ከሴቶቹ 71 በመቶ በሕይወት ዘመናቸው ከባላቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ታውቆ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያው ዞን 64 መንደሮች ውስጥ «ለተሻለ ሕይወት እንተባበር» የሚል ይዘት ያለው ሙከራ ተደረገ። ስብሰባ ተብሎ አልተጠራም፤ ቡና ተፈልቶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ 14 ጊዜ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነበር። አንዳንዱ መንደር ሴቶች ብቻ፣ አንዳንዱ ወንዶች ብቻ፣ አንዳንዱ ጥንዶች አንድ ላይ ተሳተፉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት ልከኛ ነው፤ ጥቃት የቀነሰው በሁሉም ቡድን አይደለም። ወንዶቹ ለብቻቸው በተወያዩባቸው መንደሮች ግን በራሳቸው አንደበት ወሲባዊ ጥቃት መቀነሱን አጥኚዎቹ መዝግበዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ሚስትን ብቻ ማስተማር አይበቃም፤ ባልን ቡና ላይ አስቀምጦ ማነጋገር ይሠራል።

የዛሬው ምሽት

ከዚህ ሁሉ መካከል ምሽቱ ራሱ ተለውጧል። ኩራዙን የፀሐይ ብርሃን መብራት እየተካው ነው፤ ልጆች አምሽተው ስለሚያጠኑ የጥንዶቹ ብቸኛ ሰዓት ወደ ሌሊት ገፍቷል። ስልክ ገብቷል። ባል ለሥራ አዲስ አበባ ወይም ሰሜን ሸዋ ቆላ ወርዶ፣ ወይም ሚስት ዓረብ አገር ሄዳ፣ የማታው ወግ በኢሞ የሚካሄድበት ቤት አለ። ስለ ገንዘቡ የሚነሣው ጭቅጭቅ ያው ነው፤ ልዩነቱ ኩርፊያው ስልክ ባለማንሣት መገለጡ ነው። በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ነካ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በግጭት ውስጥ ገባ። ባል ካልመጣ ወይም መንገድ ከተዘጋ የማታው ጠብ በሌላ ስጋት ይሸፈናል፤ ባል ቤት ሲገባ ግን የስጋቱን ዋጋ የሚከፍሉት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው።

ታዲያ ፍርዱ ምን ይሁን? የመንዝና የመርሐቤቴ ትዳር ከጠብ በኋላ የሚደርስለት ተቋም አያጣም፤ ሽማግሌው፣ ካህኑና ፍርድ ቤቱ ሥራቸውን ይሠራሉ። የጎደለው ከጠብ በፊት ያለው ነው። ይህን ለመሙላት አዲስ ቢሮ መክፈት አያስፈልግም። ወር በገባ ቁጥር የሚሰበሰበው ማኅበርና ሰንበቴ፣ በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከሙሽርነት ጀምሮ ቤቱን የሚያውቁት የንስሐ አባት ሁሉም እዚያው ናቸው። ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ስለ በጉ ገንዘብ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ጾምና ስለ መኝታ ሁለቱ እንዲነጋገሩ ማድረግ የእነሱ ሥራ ቢሆን ብዙ ይቀልላል። የወረዳ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶችም የጉራጌውን ሙከራ ከወንዶች ጀምረው በመሐል ሜዳና በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ቢሞክሩት አያጡበትም።

ሕግ አውጪውም የሚቀረው ሥራ አለው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ጥቃትን ያስቀጣል፤ አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 ግን ድርጊቱ ከጋብቻ ውጭ የተፈጸመ እንዲሆን ይጠይቃል። በጥናቱ ከተጠየቁት አምስቱ ጥያቄዎች አምስተኛው፣ «አብሬህ አልተኛም ብትለው?» የሚለው፣ በሕጉም ውስጥ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።